በረዶ ያማራት ልብስ ሰፊ

እናንተ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እኔ ልናገር። ተረቱ የበረዶ ነው፤ የሚበርደው ካለ መሐል ይግባ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ እቴነሽ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። እቴነሽ ብዙ ነገር የምትመኝ ሴት አይደለችም። ቤት ሲሠራ አይታ አትቀናም፣ መኪና ሲያልፍ ዞራ አታይም፣ ወርቅ ሲያብረቀርቅባት ለባለቤቱ ያምርለት ብላ ታልፋለች። የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው፤ ባሕር ማዶ ሄዳ፣ ስኪ የሚሉትን ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ እግሯ ላይ አስራ፣ ከነጭ ተራራ ቁልቁል አንድ ጊዜ መንሸራተት። ጎረቤቶቿ ይህን ሲሰሙ ሳቁባት። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ብርድ ፍለጋ በአውሮፕላን መሄድ ምን ዓይነት ቅብጠት ነው አሏት። ብርዱን ማን ፈለገው፣ እኔ የፈለግሁት መንሸራተቱን ነው ብላ ዝም አሰኘቻቸው።

ምኞቱ የቆየ ነው፤ ዘንድሮ ግን እንቅልፍ ነሳት። ዕድሜ ልኳን የስፌት መኪና የረገጠችበት ጉልበቷ ያማት ጀመረና ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ጉልበቷን አጠፈው፣ ዘረጋው፣ ደግሞ አጠፈው። ከዚያ፣ መዝለልም ሆነ መንሸራተት የሚያምርዎት ከሆነ ዘንድሮ ያድርጉት፣ ለከርሞ አይበሉ፣ ለከርሞ ጉልበትዎ እሺ አይልዎትም አላት። እሱ ለቀልድ ያህል ነው የተናገረው። እሷ ግን ከክሊኒኩ የወጣችው በረዶው ሳይቀልጥ ለመድረስ ቆርጣ ነው።

ባሏ ደምሰው የዱቄት ፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ሩጫ የማይወድ፣ ሰላሙን የሚወድ ሰው። መሄዳችን ካልቀረ በጥቅል እንሂድ አለ። ጥቅል ማለት አስጎብኚ ድርጅት አውሮፕላኑን፣ አልጋውን፣ ቁርሱን፣ መንሸራተቻውን፣ አስተማሪውን ሁሉ አንድ ላይ አስሮ የሚሸጠው ጉዞ ነው። ከፍሎ፣ ሻንጣ ይዞ፣ መጠበቅ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አንዱን ድርጅት ጠየቁ። እቴነሽ ጥቅሉን ገለባብጣ አየችው፤ የማይፈልጉት ነገር ሞልቶበታል። የምንጣፍ ሱቅ ጉብኝት፣ መርከብ ላይ እራት፣ ትልቅ ሆቴል ከነመዋኛው። በዚያ ላይ የሚነሳው ዋጋው ሰማይ በነካበት በፈረንጆቹ የበዓል ሳምንት ነው። የአገሩን ስም አትጠይቁኝ፤ እዚህ ከተናገርኩት ሁላችሁም ትሄዱና ታስወድዱብናላችሁ።

«ይሄ ለማንም ይሁን ተብሎ የተሰፋ ኮት ነው» አለች እቴነሽ። «እጅጌው ይተርፈናል፣ ገንዘቡ ያጥረናል። እኔ በልካችን እሰፋዋለሁ።»

ደምሰው፣ የጥቅሉን ሩጫ ሌላ ሰው ነው የሚሮጥልን፣ የአንቺን ማን ሊሮጠው ነው ብሎ አጉረመረመ። ማን ሰምቶት። እሷ ስልኳን ይዛ ተቀመጠችና ጉዞውን ፈትታ እንደገና ቆርጣ መስፋት ጀመረች። ተራራው ላይ ያለውን ሆቴል ትታ ከሥሩ ካለችው ከተማ አንዲት ባልቴት የምታከራየው ክፍል አገኘች፤ ዋጋው ግማሽ ነው። ወደ ተራራው በሚኒባስ፤ መንሸራተቻው ከመንደሩ ሱቅ በኪራይ፤ አስተማሪው ለመጀመሪያው ቀን ብቻ፤ ከዚያ በኋላ መውደቁን ራሳችን እንችልበታለን አለች። ለበረዶ ልብስ ሰው ገንዘብ ያወጣል ወይ ብላ ደግሞ ከዝናብ ልብስ ጨርቅና ከጥጥ ሁለት ሱሪና ሁለት ጃኬት ሰፋች። ደምሰው ለብሶ ሲሞክረው ፍራሽ መሰለ።

ሁሉም ነገር በልክ ሆነ፤ የቀረው ቪዛ ማስመታት ነው። ቪዛ ሰጪው ትሑት ሰው ነበር። ቪዛውን እመታልዎት ነበር፣ ግን የሚያድሩበት አልጋ መያዙን ያሳዩኝ አላት። እንግዲህ እቴነሽ በረዶ ላይ መንሸራተት ትፈልጋለች፤ ቪዛው ያለ አልጋ አይመታም።

ለባልቴቷ ጻፈችላት። ባልቴቷም፣ አልጋውስ ያንቺ ነበር፣ ግን ቀብድ ላኪልኝ፤ ያለ ቀብድ የያዘ እንግዳ አምና ሾርባ አስቀቅሎኝ ቀርቷል ብላ መለሰች። እቴነሽ በረዶ ላይ መንሸራተት ትፈልጋለች፤ ቪዛው ያለ አልጋ አይመታም፤ አልጋው ያለ ቀብድ አይያዝም።

ሱቋን ቆለፈችና ባንክ ሄደች። ባንክ ቤት ያለችው ልጅ በፈገግታ ተቀበለቻት፤ በፈገግታም መለሰቻት። ለመንገደኛ ዶላር እንሰጣለን፣ ቀብዱንም እንልካለን፣ ግን መንገደኛ መሆንዎን የምናውቀው በቲኬትዎ ነው አለቻት። እቴነሽ በረዶ ላይ መንሸራተት ትፈልጋለች፤ ቪዛው ያለ አልጋ አይመታም፤ አልጋው ያለ ቀብድ አይያዝም፤ ቀብዱ ያለ ቲኬት አይላክም።

ደግማ ሱቋን ቆለፈችና ቲኬት ቆራጩ ዘንድ ሄደች። ቲኬት ቆራጩ፣ ርካሽ ቲኬት አለ፣ በጣም ርካሽ፣ ግን አንዴ ከተቆረጠ ቀኑ አይነካም፤ ቀንዎን ቁርጥ አድርገው ይምጡ አላት። የሚነካውንስ ብትለው የጠራላት ዋጋ ከጥቅሉ ባሰ። እቴነሽ በረዶ ላይ መንሸራተት ትፈልጋለች፤ ቪዛው ያለ አልጋ አይመታም፤ አልጋው ያለ ቀብድ አይያዝም፤ ቀብዱ ያለ ቲኬት አይላክም፤ ቲኬቱ ያለ ቀን አይቆረጥም።

ቀኑስ በማን እጅ ነው? በደምሰው አለቃ እጅ ነው። አለቃው አቶ አሰግድ ሰው አይጠላም፤ የሚጠላው የቆመ ማሽን ነው። ደምሰው የዕረፍት ፈቃድ ሲጠይቀው ወደ ወፍጮው እያየ፣ ይሄ ነገር አንተ በሌለህበት ቢቆም ከተማው ዳቦ አይበላም፣ ተተኪ አምጣና ቀኑን ራስህ ምረጥ አለው። ደምሰው ወሬውን ይዞ ቤት ሲገባ ፊቱ ላይ ጥቅሉን ብንገዛ ኖሮ የሚል ነገር ይነበብ ነበር፤ አፉ ግን ዝም አለ፣ ብልህ ባል ነው። እቴነሽ በረዶ ላይ መንሸራተት ትፈልጋለች፤ ቪዛው ያለ አልጋ አይመታም፤ አልጋው ያለ ቀብድ አይያዝም፤ ቀብዱ ያለ ቲኬት አይላክም፤ ቲኬቱ ያለ ቀን አይቆረጥም፤ ቀኑ ያለ አለቃ አይታወቅም፤ አለቃው ያለ ተተኪ አይፈቅድም።

ትንፋሽ ልሰብስብ። እሺ።

ያንን ማሽን ከደምሰው ሌላ የሚያውቀው ይትባረክ የሚባል ወጣት መካኒክ ብቻ ነው። ደግ ልጅ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳይለመን ይተካው ነበር። አሁን ግን የሚወዳትን ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ልቡ ተሰቅሏል። ሽማግሌዎቹ ሄደው ደጃፍ ላይ ቆሙ፤ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም አሉ፤ የልጅቷ አባት ደግሞ ሌላ ቀን እጠራችኋለሁ ብሎ እንደቆሙ መለሳቸው። የሽማግሌዎቹ መሪ መንዝ የሚኖር አጎቱ ነው፤ አጎቱን ደግሞ ከይትባረክ በቀር አውቶቡስ የሚያሳፍረው ሰው አልተፈጠረም።

«ጋሼ፣ ጥሪው ነገ ይሁን የዛሬ ሳምንት አላውቅም» አለው ይትባረክ ለደምሰው፣ የእውነት እያዘነ። «ማሽኑ ሥር እንዳለሁ ቢጠሩንና አጎቴን ባላመጣው ልጅቷ ታመልጠኛለች።»

እቴነሽ ይህን ስትሰማ መቆጣት አማራት፤ ግን አሳዘናት። እሷም መንሸራተት ትፈልጋለች፣ እሱም ማግባት ይፈልጋል፣ ሁለቱም ደጅ ላይ ቆመዋል። ቪዛው ያለ አልጋ አይመታም፤ አልጋው ያለ ቀብድ አይያዝም፤ ቀብዱ ያለ ቲኬት አይላክም፤ ቲኬቱ ያለ ቀን አይቆረጥም፤ ቀኑ ያለ አለቃ አይታወቅም፤ አለቃው ያለ ተተኪ አይፈቅድም፤ ተተኪው ያለ ሽማግሌ አይረጋም፤ ሽማግሌው ያለ ቃል አይቀመጥም።

እንግዲያው ቃል ወዳለበት እንሂድ ብላ ደምሰውን ጎትታ የልጅቷ አባት ቤት ሄደች። የልጅቷ አባት ጋሽ ወንድይራድ ወንበር ሰጣቸው፣ ሻይ አስፈላላቸው፣ የመጡበትን ጉዳይ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ወሬው በረዶው ላይ ሲደርስ ትንሽ ግራ ተጋባ፤ ግን ጨዋ ሰው ነውና አልጠየቀም። ልጁን አልጠላሁትም፣ እጁም አንደበቱም ንጹሕ ነው አለ። ችግሩ የራሱ የጋሽ ወንድይራድ ታላቅ እህት ናት። እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እሷ ከጎኑ ሳትቀመጥ ሴት ልጁን ለባል ቢሰጥ ሰማይ ይፈርድበታል። ነይ ሲላት ደግሞ አልወጣም ብላ ቤቷን ዘግታ ተቀምጣለች። ምክንያቷን ጠይቃችሁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም አላቸው።

ወጡ። መንገድ ላይ ደምሰው በስልኩ የዚያን ተራራ አየር ጠባይ ከፍቶ አየና ሳይፈልግ ነገራት፤ ማዶ ፀሐይ መውጣት ጀምራለች፣ በረዶው ሊሳሳ ነው። እርምጃዋን ጨመረች፤ ሰንሰለቱንም እንደ ጸሎት እየደጋገመች ሄደች። ቪዛው ያለ አልጋ አይመታም፤ አልጋው ያለ ቀብድ አይያዝም፤ ቀብዱ ያለ ቲኬት አይላክም፤ ቲኬቱ ያለ ቀን አይቆረጥም፤ ቀኑ ያለ አለቃ አይታወቅም፤ አለቃው ያለ ተተኪ አይፈቅድም፤ ተተኪው ያለ ሽማግሌ አይረጋም፤ ሽማግሌው ያለ ቃል አይቀመጥም፤ ወንድም ያለ እህቱ ቃል አይሰጥም።

የእህትየዋ ስም ጥሩዓለም እንደሆነ ተነግሯታል። እቴነሽ ስሙን አታውቀውም። ልብስ ሰፊ እኮ ደንበኛን በስም አያውቅም፣ በልክ ነው የሚያውቀው፤ ደረቷ ሰፊ፣ ግራ ትከሻዋ ዘቅ ያለ፣ ቁመቷ አጠር ያለ ብሎ ነው የሚይዛት። በሩን አንኳኳች። የምትለምነውን አሳምራ አዘጋጅታለች፤ ስለ ልጆቹ ፍቅር፣ ስለ ወግ፣ ስለ ይሁንታ። በሩ ተከፈተ። ደረቷ ሰፊ፣ ግራ ትከሻዋ ዘቅ ያለ፣ ቁመቷ አጠር ያለ ሴትዮ ብቅ አሉ።

«በመጨረሻ ቀሚሴን አመጣሽልኝ?» አሉ እትዬ ጥሩዓለም።

ሴትዮዋ ቀጠሉ። ያ ሁሉ የመንዝ ሽማግሌ ከፊቴ ተደርድሮ ክርኑ ባለቀ ቀሚስ ልቀመጥለት ወይ አሉ። ጨርቁን ለልብስ ሰፊዬ ከሰጠሁ ቆየሁ፤ በሄድኩ ቁጥር ሱቋ ተቆልፏል፤ የት ሄደች ብዬ ስጠይቅ በረዶ አምሯት እየተሯሯጠች ነው ይሉኛል። የበረዶ አምሮት ሰምቼ አላውቅም አሉ።

ደምሰው ደረጃው ላይ ቁጭ አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እቴነሽ አልሳቀችም፤ አፈረች። ቪዛው ያለ አልጋ አይመታም፤ አልጋው ያለ ቀብድ አይያዝም፤ ቀብዱ ያለ ቲኬት አይላክም፤ ቲኬቱ ያለ ቀን አይቆረጥም፤ ቀኑ ያለ አለቃ አይታወቅም፤ አለቃው ያለ ተተኪ አይፈቅድም፤ ተተኪው ያለ ሽማግሌ አይረጋም፤ ሽማግሌው ያለ ቃል አይቀመጥም፤ ወንድም ያለ እህቱ ቃል አይሰጥም፤ እህት ያለ ቀሚስ አትወጣም፤ ቀሚሱ ያለ ሰፊ አይሰፋም፤ ሰፊዋ ደግሞ ሱቋን ቆልፋ በረዶ ላይ ልንሸራተት ትላለች።

እትዬ ጥሩዓለም ነጠላቸውን ደርበው እስከ ሱቁ ተከተሏት፤ ሳይሰፋ አልሄድም ብለውም የደንበኛ ወንበር ላይ ተደላደሉ። ጨርቁ ተቆርጦ፣ ጥበቡ ተለክቶ፣ ከነዚያ ጥጥ ከሞሉ ሱሪዎች ሥር ተቀብሯል። እቴነሽ አውጥታ አራገፈችውና መኪናውን መርገጥ ጀመረች። ጉልበቷ ይጠዘጥዛት ነበር፤ አላቆመችም። ወገቡን ያዘች፣ እጅጌውን ገጠመች፣ ግራ ትከሻውን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«በረዶው ላይ ምን አለ?» አሏት ሴትዮዋ።

እቴነሽ መኪናውን ሳታቆም መለሰች። «ምንም የለም፣ እትዬ። የሰው ሠርግ ሰፍቻለሁ፣ የሰው በዓል ሰፍቻለሁ፣ የሰው ሐዘንም ሰፍቻለሁ። በእኔ ልክ የተሰፋ አንድ ቀን አማረኝ፤ ያ ነው።»

እሳቸውም ወንድም ሲያሳድጉ ያለፋቸው ቀን ብዙ ነበር፤ አሁን አልቆጠሩትም፣ ግን ፊታቸው ላይ መጣ።

«መጀመሪያ ይህን ብትነግሪኝ ያለ ቀሚስም እወጣልሽ ነበር» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «አይ፣ አልወጣም ነበር። ግን አላማሽም ነበር» አሉ።

ቀሚሱ ተሰፋ። ቀሚሱ ሲሰፋ እህት ወጣች፤ እህት ስትወጣ ወንድም ቃሉን ሰጠ፤ ቃል ሲሰጥ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ የመንዙ አጎት ከሁሉም ቀድሞ ተቀመጠ፣ እግሩን ደክሞት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ይትባረክ ረጋ፤ ይትባረክ ሲረጋ ማሽኑን ተረከበ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነውና እስከዚያ ወፍጮው ሥር ብተኛስ አለ። ተተኪ ሲገኝ አለቃው ፈቀደ፤ አለቃው ሲፈቅድ ቀኑ ታወቀ፤ ቀኑ ሲታወቅ ቲኬቱ ተቆረጠ፤ ቲኬቱ ሲቆረጥ የባንኳ ልጅ በዚያው ፈገግታዋ ቀብዱን ላከች፤ ቀብዱ ሲደርስ ባልቴቷ አልጋውን ያዘች፤ አልጋው ሲያዝ ቪዛ ሰጪው ማኅተሙን አነሳ። አነሳና አየው፤ ቀለሙ ደርቋል። ሰውየው ማኅተሙን ወደ አፉ አስጠግቶ እፍ እፍ አለበትና መታው።

በልክ የተሰፋ ጉዞ ያለ ጣጣ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ሻንጣቸውን ራሳቸው ተሸከሙ፤ ሚኒባሱን በተሳሳተ ማዕዘን ቆመው ጠበቁ፤ ባልቴቷ በምልክት የነገረቻቸውን ነገር እስከ ዛሬ አልተረዱትም። የጥቅል መንገደኞች በሞቀ አውቶቡስ ሲያልፏቸው ደምሰው በናፍቆት ተከትሎ አያቸው። ተራራው ላይ ሲደርሱ ግን ፀሐይ ብትወጣም በረዶው ገና ወፍራም ነበር፤ የጥቅሎቹ አስጎብኚ ደግሞ የምንጣፍ ሱቅ ሰዓት ደርሷል ብሎ ሰዎቹን ይሰበስብ ጀመር። ደምሰው በአውቶቡሱ መስኮት በኩል የሚያዩትን ፊቶች አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጥቅል ማንሳት ተወ።

አስተማሪው ወጣት ነው፤ የለበሱትን ጃኬት ነካ ነካ አድርጎ ከየት ገዛችሁት ብሎ ጠየቀ፤ ጠዋቱን ሙሉም መቆም አስተማራቸው። እቴነሽ ወደቀች። ተነሳችና ወደቀች። ጥጡ ይቀበላታል፣ አላመማትም። ደምሰው ደግሞ አንዴ ወድቆ፣ መቀመጡ ተመቸኝ ብሎ እዚያው ቀረ። ከሰዓት አስተማሪው እቴነሽን ከዝቅተኛው ኮረብታ አናት ላይ አቆማትና እጇን ለቀቀ።

ተንሸራተተች።

የሚረግጥ እግር የለም፣ የሚጠብቅ ደንበኛ የለም፣ ነፋሱ ብቻ ጆሮዋ ላይ አለ። መሐል ላይ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። ከታች ስትደርስ መቆም አልቻለችምና ደምሰው ላይ ሄዳ አረፈች፤ ሁለቱም በረዶ ውስጥ ተዘረሩ። ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር። ደስታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ደምሰው በረዶውን ከሽፋሽፍቷ ላይ እየጠረገ፣ በይ ይህን ሁሉ ሩጫ የሮጥንለት ነገር እንዴት ነው አላት። እቴነሽ እጇን ወደ ኮረብታው አናት ዘረጋች።

«እንደገና» አለች።

ወጡም። እኔም እንደገና ከቪዛው ሳልጀምርባችሁ ልነሳ፤ ተረቴ አለቀ፣ ሰሚ ይባረክ።